የታየች ደጅ ቧንቧ

ታየች ከኮሶዬ ተድራ ጎንደር ከገባች ጀምሮ የኖረችው ፒያሳ አጠገብ ባለ የጣሊያን ጊዜ ፎቅ ምድር ቤት ነው። ባሏ ሞቶ፣ ልጆቿም በየፊናቸው ሄደው ብቻዋን ብትቀርም በሯን የሚያንኳኳ ሰው አጥታ አታውቅም። ምክንያቱ ውሃ ነው። ከመሬት በታች የተቀበረው የብረት ቧንቧ በዝገት ጠቦ ውሃ ወደ ላይ መውጣት ካቆመ ቆይቷል፤ ቀጥኖም ቢሆን የሚወርደው ታየች ደጅ ባለው ቧንቧ ብቻ ነበር። የፎቁ ሰው ሁሉ ጠዋት ጠዋት ጄሪካኑን ይዞ እሷ ዘንድ ይወርዳል። ተራ የምታስይዘው እሷ፣ የተጣላ የምታስታርቀው እሷ፣ አራስ ያለችበት ቤት ይቅደም ብላ የምትፈርደውም እሷ ነበረች።

ባለፈው ጥቅምት ነዋሪዎቹ መስመሩን ለማስቀየር ተስማሙ። የቧንቧ ሠራተኛው ክንዴ አሮጌውን መስመር ተከትሎ ሲቆፍር ከታየች ግድግዳ ሥር ደረሰና ቆመ።

«እትዬ፣ በእርስዎ ቤት ሥር ነው የሚያልፈው። ወለሉ መሰበር አለበት።»

«ምነው በውጭ ቢዞር?»

«በውጭ አለት ነው። እሱን እንፈንቅል ብንል መሠረቱ ይናጋል።»

ቧንቧው ከተቀየረ ታየች ዘንድ የሚወርድ እንደማይኖር ጠፍቷት አይደለም። አልፈቅድም ብትል ሥራው እዚያው ይቀር ነበር። ግን ከመካከለኛው ፎቅ የምትኖረው ጥሩነሽ ትዝ አለቻት፤ እርጉዝ ሆና፣ ሆዷ ገፍቶ፣ በየደረጃው ጄሪካኗን እያሳረፈች ነበር የምትወጣው። ታየች አልጋዋን ወደ ደጅ አስወጣችና «በል ስበረው» አለችው።

ተቆፍሮ የወጣው ብረት ውስጡ ተደፍኖ ትንሽ ጣት እንኳ አያስገባም። በምትኩ ጥቁር የፕላስቲክ ቱቦ ተዘረጋ፤ ጉድጓዱ ተሞላ፤ ወለሉም በሲሚንቶ ተለሰነ። ውሃው ሲለቀቅ ከላይ እልልታ ተሰማ።

ከዚያ ወዲህ የሚያንኳኳ ጠፋ። ሰዎቹ አልከፉባትም፤ «እንዴት አደርሽ» ብለዋት ያልፋሉ። ታየች አልተቆጣችም፤ ጠዋቱ ግን ረዘመባት።

አንድ ቀን ከላይኛው ፎቅ የሚኖሩት አያ ቢሻው ትዝ አሏት። ጄሪካናቸው ሞልቶም ወሬ ይዘው የሚቆሙ ሽማግሌ ነበሩ። ካየቻቸው ሰነበተች። መደገፊያውን ይዛ ደረጃውን ወጣችና አንኳኳች።

«አያ ቢሻው፣ ምነው ጠፉ? ደኅና ነዎት?»

«ደኅና ነኝ። ውሃው እዚሁ መጣልኝ፤ ምን ብዬ ልውረድ?»

«እኔን ልጠይቅ ብለው ነዋ!»

ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ። «አስቤ ነበር። ባዶ እጄን መውረድ አሳፈረኝ።»

«ሸጋ ነው እንግዲህ፤ እኔ እወጣለሁ» አለች ታየች፤ ገብታም ምሳ እስኪደርስ ተጫወተች።

አሁን ከሰዓት በኋላ ትወጣለች። ጉልበቷ ሲያማት መንገድ ላይ ጥሩነሽ ዘንድ ታርፋለች፤ ሕፃኑን ታቅፋ ትቆይና አንዳንድ ቀን አያ ቢሻው ጋ ሳትደርስ ትመለሳለች።