በፍኖተ ሰላም የታወቅሁበት ዓረፍተ ነገር

ባለፈው ኅዳር ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም ልመለስ ሚኒባስ ውስጥ ቁጭ ብዬ እስኪሞላ እጠብቃለሁ። ኅዳር ላይ ቡሬን ያየ ያውቃል፤ በየደጁ በርበሬ ተሰጥቶ ምድሩ ቀይ ነው፤ መንገደኛው ሁሉ ያስነጥሳል። ከመንገዱ ማዶ አንድ አዲስ ቁርስ ቤት ተከፍቷል። ሰሌዳው ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል፣ በትልቁ፣ «ፌመስ» ተብሎ ተጽፏል። ቀለሙ ገና አልደረቀም። «ትናንት የተከፈተ ቤት በማን ዘንድ ነው የታወቀው?» ብዬ በልቤ ላርም ቃጣኝ። የሰው ጽሑፍ ማረም ክፉ ልማዴ ነው፤ የመድኃኒት ብልቃጥ እንኳ ሳላርም አልከፍትም። ነገር ግን እርማቴን ሳልጨርስ ጉንጬ ጋለ። በዚህ ዕድሜዬ፣ አንድ ቅጽል አይቼ አፈርኩ።

ያን ቃል የተማርኩት ሰባተኛ ክፍል ነው። የክፍል ጓደኞቼ ሕፃናት ነበሩ፤ እኔ ግን ሃያ ልደፍን ትንሽ ነው የቀረኝ። ከፊደል በፊት ባል ነው ያየሁት። አባቴ ማንኩሳ አጠገብ ለአንድ ደህና ገበሬ ቤት ዳረኝ። ሁለት ክረምት እንደምንም ከቆየሁ በኋላ፣ አንድ ጠዋት ውሃ ልቀዳ በወጣሁበት እንስራውን ምንጩ ዳር አስቀምጬ፣ በእግሬ ፍኖተ ሰላም አክስቴ ቤት ገባሁ። አክስቴ እትዬ ይታይሽ የአባቴ ታላቅ እህት ናት። አባቴ ሊወስደኝ ሲመጣ በሩ ላይ ቆማ «እኔን ረግጠህ እለፍ» አለችው። እህቱን ሊረግጥ አልቻለም። «እሺ ትማር» አለ በመጨረሻው፤ «ስሟ ግን እንዳይነሳ።»

ማንኩሳ ተመልሶ ለአማቾቹ «ልጄ ታማ ጸበል ገብታለች» አላቸው። በእኛ አገር ጸበል የገባን ሰው ባልም ሽማግሌም አይጎትተውም። «ድና ትምጣ» ብለው ነገሩን አቆዩት። እኔም በዚያ ጸበል ፊደል ቆጠርኩ፤ ደብል እየመታሁ ከክፍል ክፍል ዘለልኩ፤ እንግሊዝኛ ጀመርኩ። የጸበሉ ነገር ውሸት መሆኑ ከታወቀ ግን ወደ ባሌ ቤት እንደምመለስ አባቴም፣ እኔም፣ አክስቴም እናውቅ ነበር። ስለዚህ ዝም ማለት ለመድኩ። ክፍል ውስጥ እጄን የማወጣው ሌላ የሚመልስ ሲጠፋ ብቻ ነው።

የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን መምህር ሰይድ ከወሎ የመጡ ወጣት ነበሩ። ወሩ ግንቦት ነው፤ የቆርቆሮው ጣሪያ ሙቀት ራስ ይመታል፤ ከውጭ የማንጎ ሽታ ይገባል። ቃሉን ሰሌዳው ላይ ጻፉና ዓረፍተ ነገር ሥሩበት አሉን። አንዱ ጣና ሐይቅ ፌመስ ነው አለ፤ ሌላው ላሊበላ ፌመስ ነው አለ፤ ሦስተኛዋ ተነሥታ ጣናን ደገመችው።

«ኧረ በአላህ ተውኝ!» አሉ መምህር ሰይድ። «ሐይቁን እኔም አውቀዋለሁ። ዛሬ ዴስክ ላይ አብሯችሁ ስለተቀመጠው ሰው ጻፉ። ከዚያ ደብተር ተለዋወጡ፤ ስለራሳችሁ የተጻፈውን ራሳችሁ አርማችሁ፣ ቆማችሁ ታነቡታላችሁ።»

ከእኔ ጋር የሚቀመጠው ደሳለኝ የሚባል፣ እግሩ መሬት የማይደርስ ልጅ ነበር። እኔ ደሳለኝ ጮክ ብሎ በመሳቅ ፌመስ ነው ብዬ ጻፍኩ፤ ሲያነበው ራሱ ጮክ ብሎ ሳቀ፤ ክፍሉም ሳቀ። የእሱን ደብተር ደግሞ እኔ ተቀበልኩ። መጀመሪያ ያነበብኩት እንደ አራሚ ነው። ግሱ ልክ ነው። ብዙዎቹ የሚስቱትን መስተዋድድ እንኳ አልሳተም። ቀይ እስክሪብቶዬን ይዤ ስህተት ስፈልግ ቆየሁና፣ እንደ ባለቤቱ ያነበብኩት ከዚያ በኋላ ነው። ወደ አማርኛ ሲመለስ «አንጓች ከባሏ ቤት አምልጣ ተማሪ በመሆኗ በፍኖተ ሰላም የታወቀች ናት» ይላል።

«አንጓች፣ ምነው ቆየሽ? ስህተት አገኘሽበት?» አሉኝ መምህሩ።

«አላገኘሁበትም።»

«እንግዲያ ተነሺና አንብቢያ።»

ተነሣሁ። ስቆም ከሁሉም በላይ እታያለሁ። አነበብኩት። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር፤ እነሱ ግን አጨበጨቡ። «ጎበዝ ደሳለኝ! ራይት በይለት» አሉኝ መምህሩ። በገዛ እጄ፣ በቀይ፣ ራይት አልኩለት።

በእረፍት ሰዓት «ማን ነገረህ?» ብዬ ያዝኩት።

«እናቴ ናታ! እትዬ ይታይሽ ማኅበር ላይ ሁልጊዜ ያወሩሻል እኮ። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ምነው፣ መጥፎ ነው እንዴ? ጀግና ነሽ ለማለት ነው።»

ማታ አክስቴን ስጠይቃት ዓይኗን ሰበረች። «ኮርቼ እኮ ነው ልጄ» አለች። «ሌላዋ ሁሉ በልጇ ስትኮራ እኔ ምን ላውራ?» በኩራት የተዘራ ነገር እንዴት እንደሚነቀል አላውቅም።

ቅዳሜ ገበያ ነው። አባቴ ስንቄን በአህያ ጭኖ፣ ዳጉሳና የበቆሎ ዱቄት፣ ከማንኩሳ ገበያተኛ ጋር ይመጣ ነበር። እኔም እንደ ልማዴ ከልብስ ሻጮቹ ሸራ ኋላ ቆሜ ከጓደኞቹ እስኪለይ እጠብቃለሁ። ያን ቀን አብሮት የነበረው ጎረቤታችን አያ ካሴ ነው። ገና ሳይለያዩ ደሳለኝ ከየት እንደመጣ ሳላውቅ ሮጦ ፊታቸው ቆመ። አባቴን አክስቴ ቤት አይቶት ኖሯል።

«እንደምን ዋሉ አባባ! የአንጓች አባት አይደሉ? ልጅዎ እኮ በክፍላችን ፌመስ ናት!»

«ምን ናት?» አለ አያ ካሴ።

«የታወቀች! ከባሏ አምልጣ ሰባተኛ ክፍል የደረሰች፣ እንግሊዝኛ የምትናገር!»

አያ ካሴ በመጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ዱላውን ተደግፎ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። «አያ ፈንቴ! ይኸ ጸበል እንግሊዝኛም ያናግራል እንዴ? እባክህ ለእኔም ልጅ አንድ ቅል ቅዳልኝ!»

አባቴ ወደ አህያዋ ዞሮ፣ የጠበቀውን የጭነት ገመድ ፈትቶ እንደገና ማጥበቅ ጀመረ። እኔ ከሸራው ኋላ ቆሜ አየሁት። ወጥቼ አጠገቡ ልቆም ይገባኝ ነበር ብዬ ያሰብኩት ቤት ከገባሁ በኋላ ነው።

እኔ ቀድሜ ነግሬያት ስለነበር፣ አባቴ ቤት ሲደርስ አክስቴ እግሩ ላይ ወደቀች። «ወንድም ዓለም፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ልጁ ደብተሩ ላይ የጻፈው ከእኔ አፍ የወጣውን ነው፤ ምላሴ ይቆረጥ! ነገ የእውነት ጸበል ይዣት ልሂድ። ክረምቱን እዚያ ትክረም። ሰው ልከው ቢያዩም ያገኟታል።»

ፈተናው ሰኔ ላይ ነው። በግንቦት ከክፍል የወጣች ልጅ በመስከረም እንደማትመለስ ብዙ አይቻለሁ። አባቴ የቀረበለትን ጠላ ሳይቀምስ ወደ ጎን አደረገው።

«ያ ልጅ የጻፈው ምን ነበር? ሳትቀንሺ ንገሪኝ» አለኝ።

ነገርኩት። አንድ ቃል አላለዘብኩም።

«ውሸት አለበት?»

«የለበትም አባባ።»

«ስህተትስ?»

«ስህተትም የለበትም።»

«እንግዲያ ውሸቱ ያለው እኔ ዘንድ ነው» አለ። «ያውም በእግዜር ውሃ።» ተነሥቶ ጋቢውን አጣፋ። «ይታይሽ፣ ልጂቱ የትም አትሄድም። ካሴ ሳያደርስልኝ እኔው ልናገረው።»

በማግሥቱ እሁድ፣ ቅዳሴ እንዳበቃ፣ ሰዉ ሳይበተን በማንኩሳ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ቆሞ የጸበሉ ነገር ውሸት መሆኑን ተናገረ። አክስቴ ሰምታ ነው የነገረችኝ። አማቾቹ «እንግሊዝኛ የምታውቅ ምራት ምን ይሠራልናል?» ብለው፣ ጥሎሻቸውን መልሰው ወስደው፣ ተሰናበቱን። እኔ ነፃ ወጣሁ። አባቴ ግን «ጸበሉ» የሚል ስም ወጣለት። ገበያ ሲወጣ «ጸበሉ መጣ» ይሉታል፤ ልጆች ሳይቀሩ። ይህንስ ይችለው ነበር። ያልቻለው ሌላውን ነው። ከዚያ በፊት ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ድንበር ሲገፋ፣ መጀመሪያ የሚጠራው ሽማግሌ እሱ ነበር። ከዚያ በኋላ እስኪሞት ድረስ ለሽምግልና የጠራው ሰው የለም። በጸበል የዋሸ አፍ ያስታርቃል ብሎ ማን ይቀመጣል?

እኔ ተማርኩ፤ አስተማሪም ሆንኩ። አባቴ ስለዚያ እሁድ አንድ ቀን አንሥቶብኝ አያውቅም። እኔም አላነሣሁበትም።

ሚኒባሱ ሞላና ተነሣን። ማንኩሳ ሲደርስ ረዳቱ «ወራጅ አለ?» አለ። ሳላስበው ነጠላዬን ወደ ፊቴ ስቤ ኖሯል። በአባቴ ከሳቁት ሰዎች አብዛኞቹ አፈር ለብሰዋል፤ ማን ያውቀኛል? አንዲት ሴት ዶሮዋን ይዛ ወረደች፤ በሩ ተዘጋ።

ወጣት ሳለሁ ያሳፈረኝ ስሜ መነሣቱ ይመስለኝ ነበር። አሁን በምን እንደማፍር ለይቼ አውቀዋለሁ። ያን እሁድ፣ አባቴ እዚያ ግቢ ውስጥ ብቻውን ቆሞ ሲሳቅበት፣ እኔ ፍኖተ ሰላም ማንጎ ዛፍ ሥር ተቀምጬ ለፈተናዬ አጠና ነበር። እንደዚያ ቀን ጥናት ገብቶኝ አያውቅም።