የብርቱካን ጭማቂና የእኔ ስኳር

መጀመሪያ የመጣው ጥም ነው። ጅማ ገበያ አጠገብ ልብስ ስሰፋ በየጊዜው ከማሽኑ ተነስቼ ውሃ እጠጣለሁ፤ ብዙም ሳልቆይ ሽንት ቤት እሮጣለሁ። ሱሪዬ ከወገቤ ይወርድ ጀመር። ዘመኑ የደርግ ነው፤ ስኳር ከቀበሌ ሱቅ በወረፋ፣ ያውም ከተገኘ ነው። ፍራፍሬ ግን ሞልቷል። ባለቤቴ ዘይነባ "ደም ይሆንሃል" እያለች ጠዋትና ማታ ብርቱካን ትጨምቅልኝ ጀመር። ስጠጣው ደስ ይለኛል፤ ወዲያው ግን ጥሙ ብሶ ይመለሳል። ከዚያ አስመለሰኝ። ትንፋሼ ከበደ። ወደቅሁ።

ሆስፒታል ስነቃ ሐኪሙ አጠገቤ ቆመዋል።

"የስኳር በሽታ ነው። ኢንሱሊን በየቀኑ ትወጋለህ።"

"ዶክተር፣ ስኳር ከቀመስኩ እኮ ወር አልፎኛል።"

"ምን ስትጠጣ ከረምክ?"

ነገርኳቸው።

"በሽታውን ጭማቂው አላመጣብህም፤ አባብሶብሃል ግን። ለአንድ ብርጭቆ የሚጨመቀውን ሦስት አራት ብርቱካን ሁሉ ቁጭ ብለህ ትበላዋለህ?"

ጥያቄያቸው ከአእምሮዬ አልወጣም። ላቦራቶሪ የምትሠራዋ ልጅ ሽንቴን ቤኔዲክት ከሚባል ሰማያዊ ፈሳሽ ጋር ስታሞቀው አይቻለሁ፤ ጥቂት ስኳር ካለ አረንጓዴ፣ ብዙ ከሆነ የጡብ መልክ ይሆናል። ካገገምኩ በኋላ ሐኪሙን አስፈቅጄ ራሴን መፈተን ያዝኩ፤ አንዱን ቀን አንድ ብርቱካን ከነሥጋው በልቼ፣ ሌላውን ቀን አንድ ብርጭቆ ጭማቂ ጠጥቼ ሄድኩ። የመጀመሪያው ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ ወጣ። የጭማቂው ጡብ መሰለ። የካሮት ጭማቂም ሞከርኩ፤ እሱ በሁለቱ መሐል ያለው ቢጫ ሆነ። ልጅቷ "ለጨርቅም እንዲህ ነው ቀለም የምታማርጠው?" ብላ ሳቀችብኝ።

ከዚያ ወዲያ ጭማቂ ቤቴ አይግባ አልኩ።

አንድ እሑድ ኢንሱሊኔን ተወግቼ፣ ቁርስ ቢጤ ቀምሼ ከዘይነባ ጋር የቀበሌ ስብሰባ ገባሁ። ምሳ ሰዓት አለፈ። ስብሰባው ሳያልቅ ማንም እንዳይወጣ በሩ ተዘግቷል፤ ልውጣ ያለ በአድኃሪነት ይጠረጠራል። አላበኝ። እጄ ተንቀጠቀጠ። የተናጋሪው ድምፅ ራቀኝ። አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ "ማል ታቴ? ምን ሆንክ?" አሉኝ። ወደ ትከሻቸው ዘመም አልኩ።

ዘይነባ ከሴቶቹ መሐል ብድግ አለች። "ባሌ የስኳር በሽተኛ ነው፤ በሩን ክፈቱልኝ።"

ከፈቱላት። ከጎረቤት ብርቱካን አስጨምቃ መጣችና ጥቂት በጥቂት አጠጣችኝ። ጥቂት ቆይቶ ፊቷን ለየሁት።

"ክልክል ያልከውን አጠጣሁህ" አለችኝ።

ሐኪሙ ይህን ሲሰሙ "ጭማቂው ስኳርህ ሲወርድ መድኃኒትህ ነው፤ ሲጠማህ ግን ውሃ ጠጣ" አሉኝ።

እናንተም እንደኔ የታመማችሁ፣ ፍሬውን እንዳለ፣ በልክ ብሉት፤ ኢንሱሊን ተወግታችሁ ምግብ አትዝለሉ፤ ከቤት ስትወጡ ጣፋጭ ነገር ያዙ። ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ግን ምንም አታፍስሱ፤ ወደ ሐኪም አሩጡት። አልሐምዱሊላህ፣ እኔ ዛሬም እሰፋለሁ። ሐኪሙንና የላቦራቶሪዋን ልጅ አመሰግናለሁ። ዘይነባን ግን ምን ብዬ እንደማመሰግናት አላውቅም፤ በዚያ ዘመን ስብሰባ መሐል ብድግ ብሎ በር ክፈቱ ማለት ምን እንደነበር የኖረበት ያውቀዋል።