አብሾ ጠጥቷል የተባልኩበት ሰሞን

ነገሩ የሆነው ሞጣ ነው፤ በ1990ዎቹ አጋማሽ፣ የአሥረኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ሊደርስ ሲል። ሌላው ሰው የዚያን ፈተና ነገር ሲያነሳ የሚያወራው ስለ ሒሳቡ ክብደት ነው። እኔ የማወራው አብዷል ተብዬ ልታሰር ለጥቂት ስለመትረፌ ነው። ያበድኩትም በማጥናት ነው። ለሰነፍ ተማሪ ከማጥናት ብዛት አበደ መባል ትልቅ እድገት ነው፤ ስለዚህ ትዝ ሲለኝ እስቃለሁ። ሳቁ ግን እስከ መጨረሻው አይዘልቅልኝም፤ ለምን እንደሆነ እነግራችኋለሁ።

የተወለድኩት ቢቸና ነው። እጄ ከልጅነቴ ጀምሮ ትእዛዜን ሰምቶ አያውቅም። የሸሚዜን ቁልፎች ቆልፌ ስጨርስ ሁልጊዜ አንድ ይተርፈኛል። ኳስ ስመታ ኳሷ ባለችበት ትቀራለች፤ የምሄደው እኔ ነኝ። ይሄን ሁሉ ሰው ስቆ ያልፈው ነበር። ያልታለፈልኝ ጽሕፈት ነው። መምህሩ ሰሌዳውን ሞልተው ሲያጠፉ እኔ ገና ርእሱ ላይ ነኝ። የጻፍኩትንም ቢሆን ማንም አያነበውም፤ እኔንም ጨምሮ።

ይባስ ብሎ እስክሪብቶ ስይዝ ጭንቅላቴ ይዘጋል። በቃል ቢጠይቁኝ ጥርት አድርጌ የምመልሰው ነገር፣ ወረቀት ፊቴ ሲቀርብ ጭው ይልብኛል። ሐሳቤ በሙሉ እጄን ሊጠብቅ ይሄዳል፤ ለትምህርቱ የሚተርፍ ነገር አይኖርም። ፈተና ላይ ተቀምጬ የገዛ ስሜን ለመጻፍ የታገልኩበት ጊዜ አለ።

ቢቸና ደግሞ የባለሙያ እጥረት የለባትም። መምህራኑ «ሰነፍ ነው» አሉ። ጎረቤቶቻችን «ዓይነ ጥላ ነው፤ ትምህርት የሚያስጠላ ዛር አለበት» አሉ። አንድ ዘመዳችን ደግሞ ክርስትና ስነሳ አብዝቼ በማልቀሴ የመጣ ነው ብለው ደመደሙ። አንዳቸውም አልተጠራጠሩም። የሚጠራጠር ሰው ብርቅ የሆነበት ከተማ ነው።

እናቴ ቢቸና ገበያ በርበሬ ነጋዴ ናት። «አገር ይቀይር፤ ምናልባት ይለቀው ይሆናል» ብላ አሥረኛን እንድማር ሞጣ ወንድሟ ዘንድ ላከችኝ። ካለፍኩ እቀጥላለሁ። ከወደቅኩ ደግሞ መላ አዘጋጅታልኛለች፤ ልብስ ሰፊ ዘንድ ገብቼ ሥራ እለምዳለሁ። እኔ! በመርፌ ቀዳዳ ክር! ስለዚህ ለራሴ እንኳ ባይሆን ለቢቸና ሕዝብ ልብስ ስል ማለፍ ነበረብኝ።

አጎቴ ጋሼ በእርሻ ጽሕፈት ቤት የሚሠሩ፣ በሳይንስ የሚያምኑ ሰው ናቸው። ባለቤታቸው እትዬ ዘውዴ ደግሞ ጋሼ በማያምኑበት ነገር ሁሉ ያምናሉ። ከቤታቸው ጀርባ ባለው ባሕር ዛፍ ሥር ስሜነህ የሚባል የቅኔ ተማሪ ጠዋት ጠዋት ጋቢውን ተከናንቦ ወዲያና ወዲህ ይላል፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ማንንም አያይም። እኔ መስኮት ሥር ተቀምጬ ከደብተሬ ጋር ስታገል እሱን አያለሁ። አንድ ቀን ወጥቼ ጠየቅኩት።

«እስክሪብቶህ የታለ?»

«የምን እስክሪብቶ?»

«የምታጠናበት ነዋ።»

«እኔ እኮ ቅኔ ነው የምቆጥር» አለኝ። «በልብ ነው የሚቆጠር። እጄንማ ይኸው ጋቢዬ ውስጥ ከትቼዋለሁ፤ ብርድ እንኳ አያገኘው።»

ቅኔ መቁጠር የሚሉት ይሄ ነው። ተማሪው ብቻውን ወጥቶ፣ እየተራመደም ተቀምጦም፣ ቅኔውን በሐሳቡ ሲያወጣ ሲያወርድ ይውልና ማታ መምህሩ ፊት በቃሉ ይዘርፈዋል። ይሄን ያህል ዘመን በዚህ አገር ኖሬ፣ እጅን አስቀምጦ መማር እንደሚቻል አልታሰበኝም ነበር።

በማግሥቱ የጋሼን ጋቢ ተከናንቤ ወጣሁ። ቤት ውስጥ አንድ ገጽ አነብና መጽሐፉን ትቼ እወጣለሁ፤ እየዞርኩ ለራሴ ድምፄን አውጥቼ አስተምራለሁ። ጭንቅላቴ ተከፈተ! አዳም እንዴት እንደተፈጠረ ያየሁ ያህል ነው ደስ ያለኝ። ባዮሎጂው፣ ጂኦግራፊው፣ የማይገባኝ የነበረው ኬሚስትሪ ሳይቀር ይገባኝ ጀመር። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ማጥናት ወደድኩ።

ታዲያ እኔ አስቤም ተራምጄም አንድ ላይ አይሆንልኝም። ካሰብኩ እሰናከላለሁ። አንድ ጠዋት የምግብ መፈጨትን እያጠናሁ «ፔፕሲን፣ ትሪፕሲን፣ አሚሌዝ...» እያልኩ የመንገዱ ዳር ቦይ ውስጥ ገባሁ። ከቦዩም ሆኜ አላቋረጥኩም፤ ካቋረጥኩ ይጠፋብኛላ። ለካስ ጎረቤታችን እማሆይ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ቆመው ያዩኛል። ጭቃ ለብሶ፣ ጋቢ ተከናንቦ፣ ከቦይ ውስጥ የማይታወቁ ስሞች የሚጠራ ልጅ። አማተቡና ሄዱ።

እማሆይ ሄዱ ማለት ወሬው ሄደ ማለት ነው። ከሰዓት ሞጣ ነገሩን አጣርታ ጨርሳለች፤ «የእነ ዘውዴ ልጅ አብሾ ጠጥቷል።»

አብሾን ለማያውቅ፦ ተክል ነው። የቅኔ ተማሪ ሲጠጣው አእምሮው እንደ መብራት ይበራል ይባላል። መጠኑን የሳተ ግን ጨርቁን ጥሎ ይሄዳል ይባላል። እኔ ላይ ደግሞ ማስረጃው ሞልቷል። ሰነፍ ነኝ፣ ፈተና ደርሶብኛል፣ ከቅኔ ተማሪ ጋር እውላለሁ፣ ብቻዬን አወራለሁ፣ እየሄድኩ እወድቃለሁ። ዳኛ ብሆን እኔም በራሴ ላይ እፈርድ ነበር።

እትዬ ዘውዴ ደረታቸውን እየደቁ አለቀሱ። ጋሼ ቢቸና ስልክ ያለው ሰው ዘንድ ደውለው እናቴ በአስቸኳይ እንድትመጣ መልእክት ላኩ። የንስሐ አባታቸውም ተጠርተው መጡ። ፈተናው ከነገ ወዲያ ነው።

«ነገውኑ ጠበል ይግባ፤ ሱባኤ ይያዝለት» አሉ አባ።

«ፈተናውስ አባቴ?» አልኩ።

«ፈተናው ለከርሞም አለ። አእምሮ ግን ለከርሞ ተብሎ አይቀመጥም።»

እውነታቸውን ነው፤ እኔ ላይ ባይሆን ኖሮ አጨበጭብላቸው ነበር። «አላበድኩም!» ብዬ ጮህኩ። አላበድኩም ብሎ የሚጮህ ሰው ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ። እትዬ ዘውዴ ጫማዬን ወስደው ሳጥን ውስጥ ቆለፉበት፤ እንዳልጠፋ።

በማግሥቱ ጠዋት፣ እናቴ እስክትደርስ ስንጠብቅ፣ ጋሼ ሳይንሳቸው መጣባቸው።

«ዝም ብሎ በወሬ ሰው አይፈረድበትም» አሉ። «አብሾ የነካው ሰው እጁ አይታዘዝለትም። እንፈትነው።»

የሰው ልጅ ለመጥፊያው የሚሆን መፈተኛ ሲቀርብለት ያውቀዋል። እኔ አወቅኩት። ጋሼ ጆግ ሙሉ ውሃና ብርጭቆ ፊቴ አስቀመጡ። «ቅዳ፤ ሳታፈስ።» አባ መስቀላቸውን ይዘው አጠገቤ ቆሙ። እትዬ ዘውዴ እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። በሩ ላይ ጎረቤት ተደርድሯል። የቀረኝ ተስፋ ሁሉ አንዲት ብርጭቆ ላይ ወድቋል።

ቀዳሁ። ብርጭቆው ውስጥ የገባው ለቅምሻ ነው። የቀረው ከጠረጴዛው ወርዶ አባ እግር ሥር ደረሰ።

«በማርያም!» አለ በሩ።

ጋሼ ግን ፍትሕ አዋቂ ስለሆኑ ሁለተኛ ዕድል ሰጡኝ። መርፌና ክር አስመጡ። ከዚህ በላይ የምለው የለኝም። መርፌው ጠፋ፤ አባ ጫማቸውን አውልቀው ስለነበር አልጋው ላይ ወጥተው ቆሙ። ሁሉም መሬት መሬቱን ማየት ጀመረ። ሳይንስ ፈረደ።

እናቴ የገባችው በዚህ መሐል ነው። ከቢቸና ሌሊት ተነስታ በአይሱዙ ጋቢና መጥታ፣ ነጠላዋ በአቧራ ቡኒ ሆኗል፤ ዘንቢሏን እንዳንጠለጠለች በሩ ላይ ቆመች። ቄሱ አልጋ ላይ፣ ወንድሟ በጉልበቱ ተንበርክኮ፣ እኔ ባዶ እግሬን ውሃ መሐል። ሁሉም ባንዴ ማውራት ጀመረ። እሷ ግን መሬቱን ነበር የምታየው።

«ውሃውን ማን ነው የደፋው?» አለች።

«እሱ ነዋ!» አሉ ጋሼ። «ይኸውልሽ፣ አንድ ብርጭቆ እንኳ መቅዳት ተሳነው።»

እናቴ ዘንቢሏን አስቀመጠች። ዱካ ስባ ተቀመጠች። ከዚያ ሳቀች። እንባዋ እስኪወርድ፣ በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን እስክትሸፍን ድረስ ሳቀች። በሩ ላይ ያሉት «እናትየዋም ነካት» ሳይሉ አልቀሩም።

«ኧረ ወንድምዓለም» አለች ትንፋሿ ሲመለስ፣ «ይኼ ልጅ መች ሳያፈስ ቀድቶ ያውቃል? ሳያፈስ ቀድቶ ቢሆን ነበር የምደነግጥ! የኔ ልጅ አይደለም ብዬ እመለስ ነበር።»

«መርፌውስ?» አሉ ጋሼ፤ እንደዋዛ አይለቁም።

«መርፌማ ለሱ ይሰጣል? የሰው እግር ልትወጉ ነው እንዴ?»

«ታዲያ ልብስ ሰፊ ዘንድ ልታስገቢኝ አልነበር?» አልኩ ሳላስበው።

«አንተ ዝም በል!» አለችኝና ወዲያው ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ምን እያልክ ነው አሉ የምትዞር? እስቲ በለው፤ እኔም ልስማው» አለች።

ክፍሏን መዞር ጀመርኩ። ከአፍ ተነስቼ፣ በጉሮሮ ወርጄ፣ ጨጓራን አልፌ፣ ትንሹንም ትልቁንም አንጀት ዘልቄ፣ እንጀራ የሚያልፍበትን መንገድ እስከ መጨረሻው ተናገርኩ። መጨረሻው ላይ ቄስ ፊት ስለሆንኩ ትንሽ አሳጠርኩት።

አባ ከአልጋው ወረዱ። «እንዴ፣ ከበላን በኋላ ይኼ ሁሉ ሥራ አለብን?» አሉ። ቀጥለውም ወደ ጋሼ ዞረው፣ «ጫማውን ስጡት» አሉ።

በማግሥቱ ተፈተንኩ። እርሳሱን ስይዝ እንደ ልማዱ ጭንቅላቴ ተዘጋ። ያን ጊዜ ከዴስኩ ሥር እግሬን ባሕር ዛፉ ሥር እንደምሄድ ማንቀሳቀስ ጀመርኩ፤ ቀስ እያለ ተከፈተ። ፈታኙ «እግርህን አሳርፍ!» ብለው ሁለት ሦስቴ ተቆጡኝ። ሲቆጡኝ አሳርፋለሁ፣ ሲያልፉ እሄዳለሁ። ክቧን አጥቁር የሚሉትንም ከክቧ ጋር አጎራባቾቿን እያጠቆርኩ፣ በላጲስ እያጠፋሁ፣ ወረቀቱ ሳይቀደድ ጨረስኩ። ውጤቱ ሲመጣ መሰናዶ ገባሁ። የሚያኮራ ውጤት አልነበረም፤ ግን በሩን አለፈ።

ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው። ማለፌ በተሰማ ሰሞን እማሆይ አንድ ሳህን ማር ይዘው መጡ። ግራ ቀኝ አይተው፣ «ልጄ፣ አብሾውን ማን እንደሰጠህ ለኔ ብቻ ንገረኝ፤ የልጅ ልጄ ዘጠነኛ ላይ ተቸክሎ ቀረ» አሉኝ። እየዞረ በቃሉ ያጥና፣ ሌላ ነገር የለም አልኳቸው። በጣም ታዘቡኝ። «ይኼን ያህል ንፉግ ሆንክ?» ብለው ማሩን ይዘው ተመለሱ።

ዛሬ ጠበቃ ነኝ፤ ቆሜ፣ በአፌ የምበላ ሰው ሆኛለሁ። በቅርቡ ደግሞ አንድ የሥነ ልቦና ባለሙያ በሬዲዮ ሲናገሩ የእኔ ነገር ስም እንዳለው ሰማሁ፤ ዲስፕራክሲያ ይባላል። አእምሮ ለእጅና ለእግር የሚሰጠው ትእዛዝ መንገድ ላይ ይሳከርበታል፤ ስንፍናም ዛርም አይደለም። ቢቸና ሄጄ ለእናቴ አስረዳኋት።

«መድኃኒት አለው?» አለችኝ።

«የለውም።»

«ታዲያ ምን ብለው ነው የሚያወሩት?»

ከዚያ ሁልጊዜ ልጠይቃት የምፈልገውን ጠየቅኳት። ያን ቀን ዓለም ሁሉ አብዷል ሲል አንቺ ብቻሽን እንዴት አላመንሽም አልኳት። እኔ ይሄን ታሪክ ለሰው ሳወራ እናቴ እኔን ያልተጠራጠረች ብቸኛዋ ሰው ናት።



«ማን አላመነም አለህ?» አለች። «ዘንቢሌ ውስጥ ገመድ ነበር። አስሬ ጠበል ልወስድህ ነው የመጣሁ። መንገዱን ሁሉ ሳለቅስ ነበር። ውሃው ፈሶ ሳየው ነው ልቤ የተመለሰ።»

ከዚያ ወዲህ ሰው ፊት ውሃ ባፈሰስኩ ቁጥር ይቅርታ መጠየቅ ትቻለሁ።