የሚስትየዋ ደም

ከወረታ ወጣ ባለ ቀበሌ፣ ሽንኩርት ላይ የተባይ መድኃኒት ከሚረጩ ገበሬዎችና ከቤተሰቦቻቸው ደም እየቀዳሁ መርዙ ምን ያህል እንደነካቸው እለካ ነበር። ለአንድ ባልና ሚስት ውጤታቸውን ልነግር የሄድሁበት ቀን ከልቤ አይጠፋም። ከባልየው ይልቅ የሚስትየዋ ብሶ ተገኘ።

«እኔ መርጫውን ነክቸው አላውቅ» አለች ደንግጣ።

«የሚረጭበትን ልብስ ማን ያጥበዋል?»

«እኔ ነኝ እንጅ፣ በእጄ።»

ባልየውን መርጨት እንዲያቆም፣ ካልሆነም ልብሱን ለብቻው ራሱ እንዲያጥብ ለመንሁት።

«ካልረጨሁ ትሉ በሳምንት ይጨርሰዋል። ልጆቹን ምን ላብላ?» አለኝ አንገቱን ደፍቶ።

እሷ ሆዷን ዳሰሰች። «እህቴ፣ አምስት ወሬ ነው። ለዚህ የሚሆን ፈውስ አላችሁ?»

አልነበረንም። የተላክሁት ለመለካት ብቻ ነበር። «እግዜር ያውቃል» አልኋት፤ ቃሉ ከአፌ ሲወጣ አፈርሁ።

በበጋው መጨረሻ ለሁለተኛው ልኬት ስመለስ ልጁ ሞቶ መወለዱን ጎረቤት ነገረኝ። በመርዙ ይሁን በሌላ፣ የኔ መለኪያ አይናገርም። ባልየው ማሳ ላይ እየረጨ ነበር። እሷ ግን አንድም ነገር ሳትጠይቀኝ እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን ዘረጋችልኝ። ቀዳሁ።