ፈረሰኛው ለጎረቤቴ የሄደ ቀን

ያን ቀን የሠራሁት ሞኝነት ይህ ነው፦ በገዛ ቤቴ፣ በባለቤቴና በጎረቤቴ ፊት፣ ጡጫ የሚያህል ጉርሻ ጠቅልዬ ሳላኝክ ዋጥሁ። አልወርድ ሲለኝ ደግሞ አንድ ብርጭቆ ውኃ ከላዩ ቸለስኩበት። ሌላ ሰው ቢያደርገው ርቦት ነው ተብሎ ይታለፋል። እኔ ግን ጨጓራዬ በሐኪም ቢላ ተቆርጦ አንድ ሙዝ የምታህል የቀረችልኝ ሽማግሌ ነኝ። እህልና ውኃ ባንድ ላይ እንዳልልክባት፣ የጎረስኩትንም አፌ ውስጥ እስኪሟሟ ማላመጥ እንዳለብኝ ከተነገረኝ ዓመታት አልፈዋል። ረስቼው አይደለም። ቅናት ነው።

ነገሩን ከመነሻው ላውጋችሁ። ዓረብ አገር ለአንድ ባለጸጋ ሾፌር ሆኜ ብዙ ዘመን ኖሬአለሁ። ጌታዬም እኔም ወፍራሞች ነበርን፤ መኪናዋ እኛ ስንገባ ዝቅ፣ ስንወርድ ከፍ ትላለች። ስኳር በሽታም ሁለታችንን ሳያበላልጥ ይዞናል። እሱ ጨጓራውን ሊያስቆርጥ ሲወስን ብቻውን መግባቱን ፈራ መሰለኝ፣ የእኔንም ከፈለና ባንድ ሳምንት ተቆረጥን። ከዚያ በኋላ እሱ ከኋላ፣ እኔ ከፊት ተቀምጠን፣ የሕፃን ድርሻ የምታህል ሾርባ ይዘን በመስተዋቱ እየተያየን እንተክዝ ነበር። ሐኪሙ ሲያሰናብተኝ ያለኝ ከጆሮዬ አልወጣም፦ "የቆረጥኩት ጨጓራህን ነው፤ ምላስህን አልነካሁትም። የቀረው ዕድሜህን ሙሉ ያንተ ሥራ ነው።" እኔ ግን ሥራው ያለቀ መስሎኝ ሻንጣዬን አንግቤ አገሬ መካነ ሰላም ገባሁ።

ባለቤቴ ስትጠብቅ የኖረችው የሸኘችውን በላተኛ ነው። የመጣላት ቆዳው የተንጠለጠለ፣ አራት ጉርሻ እንደዋጠ "አልሐምዱሊላህ" ብሎ እጁን የሚሰበስብ ሰውዬ ሆነ። በኛ ዘንድ ከትሪ ላይ ቶሎ እጁን የሚያነሳ ሰው ወይ ታሟል፣ ወይ ተቀይሟል፣ ወይ ሌላ ቤት በልቷል። መቆረጤን ነግሬያታለሁ፤ ጠባሳዎቹንም አይታለች። ቢሆንም ጨው በዝቶ ይሆን እያለች ወጡን ደግማ ደጋግማ ትቀምሰዋለች። ትሪው ከነሙላቱ ሲነሳ ፊቷ ሲጠቁር ማየት አቃተኝና መላ መታሁ። ጎረቤቴን ጠራሁት። በሬን የከፈትኩት እንግዲህ እኔው ነኝ።

ጎረቤቴ ሚስቱ የሞተችበት ግንበኛ ነው። ያን ጊዜ የከተማውን መንገድ ኮብልስቶን ከሚያነጥፉት አንዱ ነበር። ድንጋይ ሲጠርብ ውሎ ትሪ ላይ ሲቀመጥ እንጀራው ራሱ ይፈራዋል። ዘመኑ ገበሬውም ሴቱም አንድ ለአምስት ይደራጅ የሚባልበት ነበርና እኔና እሱም ተደራጀን፤ እኔ አንድ ስጎርስ እሱ አምስት። ትሪው ነጥቶ ይነሳል፣ ባለቤቴ ትስቃለች፣ እኔም ብልህ ነኝ እያልኩ ሰነበትኩ።

ብልህነቴ መልሶ የበላኝ ቀስ እያለ ነው። ባለቤቴ በርበሬ ስትጨምር "እሱ ቃጠል ያለ ይወዳል" ማለት አመጣች። ለሥራ ወደ አቀስታ ሲሄድ "በዚያ ብርድ ምን በልቶ ይሆን" ትላለች። እኔ ያን ሁሉ ዓመት ባሕር ማዶ ስቀመጥ ምን በልቶ ይሆን ብላኝ እንደሁ እንጃ። ሰውዬው ደግሞ ያን ሁሉ አግበስብሶ እንደ ባሕር ዛፍ አጣና ቀጥ ያለ ነው። እኔ ጠዋት እንቁላሌን፣ ቀን ምስሬን በማንኪያ ለክቼ፣ ክኒኔን ሳላዛንፍ ውጬ፣ ሱሪዬ መልሶ ይጠበኝ ጀመር። ፈጣሪን መጠየቅ ነውር ሆኖብኝ እንጂ የምጠይቀው ነበረኝ።

ለምን እንደጠበበኝማ አውቃለሁ። ከትሪው በአራተኛው ጉርሻ ተነስቼ የምሄደው ሻይ ቤት ነበር። እንጀራ ሲመጣባት የምታኮርፈው ጨጓራዬ፣ ስኳር የበዛበት ሻይ ስልክላት ዝም ብላ ታሳልፋለች። ብስኩት ነክሬ ስጨምርላትማ በሯን ከፍታ ነው የምትቀበለው። ከበዛ ልቤ ይደልቃል፣ ላብ ያጠምቀኛል፤ ያን ጊዜ ሙቀቱ ነው እላለሁ። በመካነ ሰላም የክረምት ብርድ ሙቀት ያገኘሁ እኔ ብቻ ነኝ።

ክብደቴን የምመዘነው ወፍጮ ቤት፣ በእህሉ ሚዛን ላይ ነበር። አንድ ቀን ባለ ወፍጮዋ ሴትዮ፣ ጤፍ ሊያስፈጭ የመጣው ሰው ሁሉ እየሰማ፣ "ሐጂ፣ ካለፈው ጨምረዋል፤ ምነው ጤፍ በሆኑልኝ" አለችኝ። ሰዉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ የሳቅሁት ግን በጥርሴ ነው።

ያን ቀን እንግዲህ ጎረቤቴ የአቀስታውን ሥራ ጨርሶ ተመለሰ፤ ባለቤቴም ዶሮ ይታረድ አለች። ቢስሚላህ ብዬ ያረድኩት እኔ ነኝ። ሽንኩርቱ ሲቁላላ ሽታውን እየማግሁ የዋልኩት እኔ ነኝ። ትሪው ቀርቦ ባለቤቴ በጭልፋ ፈረሰኛውን ስታወጣ ግን፣ ያ ከዶሮው ብልት ሁሉ ተለይቶ ለአባወራ የሚቀመጠው ፈረሰኛ፣ በእኔ በኩል አለፈና እሱ ፊት አረፈ። ለእኔ ክንፍ ደረሰኝ፤ በርረህ ሂድ ማለቷ መሰለኝ።

ጎረቤቴ ራሱ ደነገጠ። ይሄስ የሐጂ ነው ብሎ ሊገፋው ሲል፣ "ብላ፣ እሳቸው አይጨርሱትም" አለችው። እውነቷን ነው። ያቃጠለኝም እውነት መሆኑ ነው። እጄን ሰድጄ ፈረሰኛውን ከፊቱ አነሳሁ፤ ሥጋውን ገነጠልኩ፤ በሰፊ እንጀራ ጠቀለልኩና... የቀረውን ነግሬያችኋለሁ።

መጀመሪያ ደረቴ ላይ የጎረቤቴ ድንጋይ የተነጠፈ መሰለኝ። ቀጥሎ አፌ ምራቅ ሞላ፣ ዓይኔ ፈሰሰ። ወደ ጓሮ ሮጬ ጎመኑ መሐል ተንበረከክሁ። ግንባሬን የያዘኝ ማን ይመስላችኋል? ራሱ ነው። በዚያ ሻካራ እጁ ጀርባዬን እያሻሸ "አይዞዎት ሐጂ፣ ይውጣልዎት" ይለኛል። የምሞት ከሆነ በቀናሁበት ሰው እጅ ላይ መሆኑ ይበልጥ አናደደኝ። በመጨረሻ ፈረሰኛው እንደገባ ወጣ። ጎመኑ ከኔ ይልቅ ተጠቀመ።

ባለቤቴ ውኃ ይዛ መጣች። ጎረቤቴ ነገር እንዳለ ገባውና ወደ ትሪው ተመለሰ። እሷ ከተጋባን ጀምሮ አንቱ ነው የምትለኝ፤ ያን ጊዜ ግን አንቱታው ከአፏ ወደቀ።

"በሱ ቀናህ?" አለችኝ።

አፌን ተጉመጠመጥሁና ውኃውን ጎመኑ ላይ ተፋሁ።

"እኔስ በሻይ ቤቱ ስቀና? ብስኩት ስትበላ ያየህ ሁሉ ይነግረኛል። የወፍጮ ቤቱንም ሰምቻለሁ። ከእኔ ወጥ ሸሽተህ የሰው ብስኩት የምትበላ ከሆነ እኔ ለማን ልሥራ?"

ሻይ ስለሚወርድልኝ፣ እንጀራ ስለሚያንቀኝ መሆኑን እየተንተባተብሁ ላስረዳት ሞከርሁ። አላስጨረሰችኝም።

"ጨጓራህን መች አጣሁት። ሦስት ጉርሻም ቢሆን ብላ። ግን ትተኸኝ አትነሳ። ያን ሁሉ ዓመት ብቻዬን በልቻለሁ።"

ይህን አላሰብሁትም ነበር። እኔ የምነሳው ሰው ሲጎርስ እያየሁ መቀመጥ ስለሚያንገበግበኝ ነው። እሷ ደግሞ ጎረቤቴን የምታቀማጥለው ሆዱን ወዳ ሳይሆን፣ ትሪው እስኪነሳ አብሯት የሚቀመጥ እሱ ብቻ ስለሆነ ኖሯል። እኔ የዶሮ ብልት ስቆጥር፣ ቦታዬን ራሴው ለቅቄለት ኖሬአለሁ።

ተመልሰን ገባን። ተቀመጥሁ። ባለቤቴ ከወጡ እንቁላል አውጥታ ግማሹን ፊቴ አደረገችልኝ። ጎረቤቴ ከራሱ ድርሻ ጥፍር የምታህል ሥጋ ቆረሰና "ይቺን ያላምጧት ሐጂ፣ የሚያስቸኩለን የለም" ብሎ አጎረሰኝ። እሱ አንድ እግር ጋጦ ሲጨርስ እኔ እሷኑ እያላመጥሁ ነበር። ባለቤቴ አየችኝና ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነች።

ከዚያ ወዲህ ትሪው ሳይነሳ አልነሳም። ሻዬን ያለ ስኳር ለምጃለሁ፤ አንዳንድ ቀን እሰርቃለሁ፣ በማግስቱ ወፍጮ ቤት ያጋልጠኛል። ሱሪዬ ይሰፋል፣ ደግሞ ይጠባል፣ ደግሞ ይሰፋል። ሐኪሙ ዕድሜህን ሙሉ ያለኝ ይህን ነበር። ቅናቱስ ካላችሁ፣ እሱን የሚቆርጥ ሐኪም አላገኘሁም። ጎረቤቴ እንጀራ ሲቆርስ የቆረሰውን በዓይኔ እለካለሁ፤ ከእኔ የአንድ ቀን ቀለብ ሁልጊዜ ይበልጣል።

ፈረሰኛው አሁን እኔ ፊት ይቀመጣል። በጣቴ ትንሽ እቆነጥርና የቀረውን ወደ ጎረቤቴ እገፋለታለሁ። እሱ ግን የሚጠብቀው ሌላ ነው። ያጎረሰ ሰው መልሶ ሊጎርስ ይገባዋል፤ እኔ ደግሞ ለዚያች ጥፍር ለምታህል ሥጋ በእጄ መልሼ አላጎረስሁትም። እሱ አልረሳትም። ትሪው ሊነሳ ሲል አፉን ከፈት አድርጎ ያየኛል፣ ባለቤቴም ታየኛለች፣ እኔ ያጎረሰኝ ከራሴው ዶሮ መሆኑን አስታውሼ ነገ እለዋለሁ። ያቺ ጉርሻ እስከ ዛሬ አለችብኝ።