በማንኪያ የተሰፈረልኝ ምርቃት

ጎረቤቴ ወልዳ፣ ዛሬ ጠዋት እማድ ቤቷ ገብቼ አጥሚት ሳማስል፣ ዱቄቱ ፍል ውኃ ሲነካው የሚያወጣው ሞቅ ያለ የገብስ ሽታ መጣብኝ። እጄ ማማሰያውን እንደያዘ ቀረ። አርባ ምንጭ ከገባሁ ስንት ዘመኔ ነው፤ በመስኮቱ የሚታየኝ የሙዝ ቅጠል ነው። ሽታው ግን ይዞኝ ቆቦ ገባ፣ በልጅነቴ ከተማርኩባት፣ ቆርቆሮዋ በፀሐይ ከሚንጣጣው ማሠልጠኛ።

ማሠልጠኛዋን ያቆማት ሕዝቡ ነው። ክርስቲያኑም እስላሙም ከወንዝ ድንጋይ ተሸክሞ ግድግዳዋን ሠራ፤ መንግሥት ቆርቆሮና አስተማሪ ሰጠ። ወንዶቹ እንጨት ሥራና ሽመና፣ ሴቶቹ ስፌትና ቤት አያያዝ ይማራሉ፤ ሲመሻሽ ደግሞ ሽማግሌዎች ሳይቀሩ ፊደል ይቆጥራሉ። ዛሬ ኮሌጅ ሆናለች አሉኝ፤ ኮምፒውተር ታስተምራለች አሉ። እግዚአብሔር ያሳድጋት።

የእኔ ልብ ስፌት ክፍል ነበር። የመኪናዎቹ ድምፅ ግድግዳውን አልፎ ሲመጣ፣ እግሬ ከወንበሩ ሥር አብሮ ይረግጣል። ሞልቷል ተብዬ ነው ቤት አያያዝ የገባሁት። ያስተማረችን ከአዲስ አበባ የመጣች ቀጭን ሴት ነበረች፤ እትዬ እንላታለን። የሕፃን ምግብ፣ የአራስ ምግብ፣ የበሽተኛ ምግብ፣ በቃ ይኸው ነው። የገበያ ሴቶች መሳቂያ አደረጉን። ገንፎ ማገንፋት ጠፍቶን ከሸዋ ድረስ ሰው ላኩልን ይላሉ። አንዷማ ከእነ ሽንኩርቷ ብድግ ብላ፣ «ዛሬስ ውኃ ማፍላት ደረሳችሁ?» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ገበያውን ዞሬ ነው የማልፈው።

ከዚያ ዝናቡ ቀረ። ማሽላው ጉልበት ሳይደርስ እንደቆመ ደረቀ፤ ነፋስ ሲነካው እንደ ወረቀት ይንኮሻኮሻል። ከዋጃም ከሮቢትም በኩል ሰው አውራ ጎዳናውን ይዞ ወደ ቆቦ ጎረፈ። ትምህርቱ ቆመ። የስፌት መኪናዎቹ ሸራ ለብሰው ጥግ ተከመሩ፣ በየክፍሉ ሰው ተኛ። እኛን እትዬ ጠርታ ድስት አስጣደችን።

መጀመሪያ ሰሞን ቤተ ክርስቲያን ደጅ የወደቀ አንድ ገበሬ ነበር። ደጋግ ሰዎች ንፍሮ አምጥተው እስኪበቃው አበሉት፤ ለጽድቅ ብለው ነው። ሳይመሽ ሞተ። እትዬ ያን ቀን ሰበሰበችንና፣ «የከረመ ረኃብ ሆድን ደረቅ መሬት ያደርገዋል፤ ጎርፍ ከለቀቃችሁበት ይሸረሸራል እንጂ አይጠጣም» አለችን። ቀጭን አጥሚት፣ በማንኪያ፣ ጥቂት ጥቂት እየደጋገማችሁ። ቢለምኑን ቢረግሙን ከዚያ እንዳናልፍ አስጠነቀቀችን።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ የሮቢቷ አክስቴ በሰው ተደግፋ ገባች። እናቴ ስትሞት ያሳደገችኝ እሷ ናት። ቤቷ መንገድ ዳር ስለሆነ ባለግመሉም ተሳላሚውም ሳይበላ አያልፋትም ነበር። በእኛ አገር ለእንግዳ አጉድሎ ማቅረብ ሂድልኝ ከማለት አይለይም፤ እሷ ደግሞ በዚህ የታወቀች ነበረች፣ ገበታዋ ጎድሎ አያውቅም። እኔ ማንኪያ ይዤ ፊቷ ተቀመጥኩ።

ድስቱን አየች፣ እኔን አየች። «ለእኔ ነው የምትሰፍሪው?» አለችኝ።

«አክስቴ፣ ቀስ እያልሽ። ነገ ይጨመራል።»

«ነገን ማን አየው።»

ያጎረስኳትን ማንኪያ ዋጠችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እኔ መቀመጥ አቃተኝ። ነጠላዬ ውስጥ ለምሳዬ የያዝኳት የማሽላ ቂጣ ነበረች፤ ደረቴን እንደ ፍም ፈጀችኝ። እወጣለሁ፣ ደጃፉ ላይ አማትባለሁ፣ እመለሳለሁ፣ ደግሞ እወጣለሁ። የአክስቴ ዓይን ቂጣዋ ያለችበትን አውቆታል። ድምፅ በሌለው አፍ «ቁራሽ እንኳ» ስትለኝ እጄ ነጠላዬ ውስጥ ገባ። ወዲያው ያ ገበሬ ታየኝ። ባዶ እጄን አውጥቼ ማንኪያውን አነሣሁ። እመቤቴ ትመስክር፣ ከዚያ የከበደ ነገር አንሥቼ አላውቅም።

ቂጣዋ እዚያው ደረቴ ላይ ደርቃ ዋለች፤ እኔም አልበላኋት።

እንዲህ እንዲህ ስንል ከማንኪያ ወደ ጣሳ፣ ከጣሳ ወደ እንጀራ አደረስናት። አጠገቧ ከተኙት ያልተነሡ ብዙ ናቸው። እሷ ተነሣች። ዝናብ ሲመለስ ወደ ሮቢት ልትሄድ ተሰናዳች፤ በወሎ ታላቅ ሰው ሳይመርቅ አይሄድም። እትዬን መረቀች። ውኃ የምታመላልስልንን ልጅ ጎንበስ አድርጋ መረቀች። እኔም ጎንበስ አልኩ። «ደኅና ሁኚ» ብላኝ አለፈች።

ከዚያም በኋላ ቤቷ በሄድኩ ቁጥር ገበታውን እስከ ጠርዙ ሞልታ ታቀርብልኛለች። «ብዪ፤ እዚህ ቤት አይሰፈርም» ትለኛለች። እየቀለደች ይሁን እየወጋችኝ፣ ለየሁት ለማለት አልደፍርም። ኋላ አገባሁ፣ ባሌን ተከትዬ ወደዚህ ራቅሁ። ምርቃቱም ቀረ። ዳዊት ስደግም እንኳ ያች ደኅና ሁኚ መሐል ትገባብኛለች።

ስታርፍ አልደረስኩም። ከረኃቡ ወዲህ የወለደቻት ልጇ ናት በስልክ የነገረችኝ። መጨረሻዋ ላይ እህል አልወርድ ብሏት፣ ልጇ አብልጣ ስታጎርሳት በእጇ ገፋ ታደርጋት ነበር አለችኝ።

«እንደዚያች ልጅ አድርጊልኝ» ትላታለች።

«የቷ ልጅ፣ እማዬ?»

«በማንኪያ የሰፈረችልኝ፤ የእኔዋ። ቀስ እያልሽ።»

የዛሬው አጥሚት ሊገነፍል ሲል አወረድኩት። አራሷ ከአልጋዋ ሆና፣ «እማማ፣ ለእኔ ትንሽ ይበቃኛል» አለችኝ። ሰምቻታለሁ። ኩባያውን ግን እንደ አክስቴ ገበታ እስከ አፉ ሞላሁት፤ ጠርዙን አልፎ በጣቶቼ መሐል ፈሰሰ።