ወይራው ከአጥሩ ውስጥ፣ አጎቴ ከውጭ

አጎቴ መካነ ሰላም ፍርድ ቤት ደጃፍ ካለው ወይራ ሥር ተቀምጠው፣ ለክስ የመጣውን ሁሉ «ከመግባታችሁ በፊት እስቲ አረፍ በሉ» ይሉ ነበር። አረፍ ብሎ ካወጋው ታርቆ የሚመለሰው ይበዛ ነበር።

አዲሱን የፍርድ ቤት ግቢ የነደፍኩት እኔ ነኝ። ለዝናቡ ውሃ ማጠራቀሚያ፣ ለችሎቱ የቀን ብርሃን አሰብኩ፤ ወይራውንም እንዳይቆረጥ ብዬ አጥር ውስጥ አስገባሁት። ጥበቃው ግን ጉዳይ የሌለውን አያስገባም። አጎቴ ከአጥሩ ውጭ፣ ፀሐይ ላይ ቆመው ባለጉዳዩን መጣራት ጀመሩ፤ ቆም የሚልላቸው ግን ጠፋ። እኔን ሲያዩ፣ «አብሽር ልጄ፣ ዛፉን አትርፈሃል» ይሉኝ ነበር።

ከቀብራቸው ማግሥት ሄድኩ። ወይራው ለምልሟል፤ ከሥሩ ማንም የለም። ሁለት ወንድማማቾች ተኮራርፈው አልፈውኝ ገቡ።

«ጉዳይ አለህ?» አለኝ ጥበቃው።

«የለኝም» ብዬ ፀሐይ ላይ ቀረሁ።